የማታ ፍሎር (ታካሚ ክፍል) ልመለስ ወይስ የኢንሹራንስ ቢሮ ልግባ? የ9 ሳምንት ሕፃን አለችኝ

አራስ ነርስ (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቴሌሜትሪ (የልብ ምት በሞኒተር የሚታይበት ክፍል) ላይ የማታ ነርስ ነኝ፤ በሳምንት 3 ሌሊት፣ ከማታ 7:00 እስከ ጠዋት 7:30። (ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታ።) ልጄ 9 ሳምንቷ ነው፤ ጡት ብቻ ነው የምትጠባው። የ12 ሳምንት ፈቃዴ ሲያልቅ፣ በ80 ቀኗ ክርስትና በተነሣች በ4ኛው ቀን ሥራ መግባቴ ነው።

በዚህ መሃል ከአንድ የጤና ኢንሹራንስ ድርጅት የዩቲላይዜሽን ሪቪው (የሕክምና ጥያቄን መርምሮ የማጽደቅ) ሥራ ቀረበልኝ። ከቤት ነው፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በዓመት 84,000 ዶላር። አሁን የሚከፈለኝ በሰዓት 44 ነው፤ ለማታ 5 ይጨመርበታል። ዴይኬር ጠይቄ ሙሉ ሳምንት በወር 1,900፣ 3 ቀን ከሆነ 1,300 ብለውኛል። ባለቤቴ ኡበር ስለሚነዳ ሰዓቱን ማመቻቸት ይችላል። እናቴ በጉብኝት ቪዛ መጥታልኛለች። ሆስፒታሉ ከቤቴ 22 ማይል ይርቃል።

ቢሮው በእርግጥ ለልጅ ይሻላል? ፍሎር ብመለስ ወተቴ ይቀንስብኛል? ቢሮ ገብቼ ከ2 ዓመት በኋላ ወደ ፍሎር ልመለስ ብልስ ይቀበሉኛል?

---

ሪቪው ነርስ

እንኳን ማርያም ማረችሽ። እኔ ስለ ቢሮው ልናገር፣ ስለ ፍሎሩ ሌሎች ይበሉ።

«ከቤት» የሚለው ቃል አያታልልሽ። ከቤት መሥራት ልጅ ይዞ መሥራት አይደለም። ብዙዎቹ ድርጅቶች በሥራ ሰዓት ሕፃኑን የሚይዝ ሌላ ሰው እንዳለሽ ያስፈርሙሻል። የታካሚ መረጃ ስለምትከፍቺ በሩ የሚዘጋ ክፍል ይፈልጋሉ፤ ኢንተርኔቱም በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል እንዲሆን የሚያስገድዱ አሉ። ስልኩ ይቀዳል። ሕፃን እያለቀሰች ከሆስፒታል ኬዝ ማናጀር ጋር መነጋገር በሁለተኛው ሳምንት ያስጠይቃል። ስለዚህ የዴይኬር ሒሳብሽ ቢሮ ስትገቢ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ሥራው ራሱ ይኸውልሽ። ቻርት ይመጣልሻል፤ በኢንተርኳል ወይም በኤምሲጂ መመዘኛ ታስተያዪዋለሽ፦ ታካሚው ኢንፔሸንት (ተኝቶ ታካሚ) ሊባል ይገባዋል ወይስ ኦብዘርቬሽን (ለአጭር ጊዜ ክትትል መቆየት) ይበቃዋል? መመዘኛውን ካሟላ ታጸድቂያለሽ። ካላሟላ ግን አንቺ አትከለክዪም፤ ለድርጅቱ ሐኪም ነው የምታስተላልፊው። የደረት ሕመም፣ የልብ ድካም፣ ኤፊብ (የልብ ምት መዛባት) ከወረፋው ስለማይጠፉ ቴሌሜትሪ መሥራትሽ በጣም ይጠቅምሻል። ጫናው ሰዓቱ ላይ ነው። ከ2026 ጀምሮ የሜዲኬር አድቫንቴጅና የሜዲኬይድ ፕላኖች ለቅድሚያ ፈቃድ ጥያቄ፣ አስቸኳይ ከሆነ በ72 ሰዓት፣ መደበኛ ከሆነ በ7 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። ሰው ሲጎድል ወረፋው የሚቆለለው ሪቪው ነርሷ ላይ ነው።

ከመፈረምሽ በፊት አራት ነገር በጽሑፍ ጠይቂ። በቀን ስንት ኬዝ ይጠበቃል፣ ከባዱና ቀላሉስ እኩል ነው የሚቆጠረው? ቅዳሜና እሑድ ወይም በዓል ተራ አለ? (ሆስፒታል ስለማይዘጋ ብዙ ቦታ አለ፤ «ከሰኞ እስከ ዓርብ» የሚለው ማስታወቂያ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል።) ሥልጠናው ስንት ሳምንት ነው፣ በዚያ ጊዜ ካሜራ ይከፈታል ወይ፣ ፈቃድስ ይሰጣል? ክፍያው በሰዓት ነው ወይስ ቁርጥ ደመወዝ? ቁርጥ ከሆነ ወረፋውን ለመጨረስ እስከ 7 ሰዓት ብትቆዪ ትርፍ ሰዓት የለም።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘነጋው ልምጣ። የፌዴራሉ የቤተሰብ ፈቃድ፣ ኤፍኤምኤልኤ፣ ከአሠሪ ወደ አሠሪ አይተላለፍም። አዲሱ ድርጅት ውስጥ 12 ወርና 1,250 ሰዓት እስክትሠሪ ድረስ የሥራ ዋስትና ያለው ፈቃድ የለሽም። ሁለተኛ ልጅ ቶሎ ካሰባችሁ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሕፃኗ ታማ ረዘም ላለ ጊዜ ሆስፒታል ብትተኛም ያው ነው።

አሁን በፈቃድ ላይ ሆነሽ ጥለሽ ከወጣሽ ደግሞ፣ ሆስፒታሉ ያለ ክፍያ ባረፍሽበት ጊዜ በራሱ ድርሻ የከፈለልሽን የጤና ኢንሹራንስ መልሺ ሊልሽ ሕጉ ይፈቅድለታል። ተመልሰሽ ቢያንስ 30 የካላንደር ቀን ከሠራሽ ግን «ተመልሳለች» ነው የሚባለው፤ ሊጠይቅሽ አይችልም። ስለዚህ ምንም ብትወስኚ የቢሮውን መጀመሪያ ቀን ከዚያ በኋላ አድርጊው።

የአዲሱ ድርጅት ኢንሹራንስ በስንተኛው ቀን እንደሚጀምር ጠይቂ፤ እስከ 90 ቀን ማስጠበቅ ይፈቀድላቸዋል። ልጅሽ በ4 እና በ6 ወሯ ክትባት አላት። መሃል ላይ ክፍተት ከተፈጠረ ኮብራ (የቀድሞ አሠሪሽን ኢንሹራንስ የሚያስቀጥል ሕግ) አለ፤ ለመወሰን 60 ቀን ይሰጥሻል፣ ስትመርጪው ሽፋኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ይቆጠራል። ግን ሙሉውን ዋጋ ራስሽ ነሽ የምትከፍዪው።

መመለስ ይቻላል ወይ ላልሽው፦ ፈቃድሽ አይቃጠልም። ሜሪላንድ ፈቃድ ለማደስ ባለፉት 5 ዓመታት 1,000 ሰዓት የነርስነት ሥራ ትፈልጋለች፤ የአርኤን ፈቃድ የሚጠይቅ የቢሮ ሥራም ይቆጠራል። የሚያስቸግረው ቀጣሪው ነው። «በቅርብ ጊዜ የተሠራ የአኪዩት ኬር (የሆስፒታል ሕክምና) ልምድ» የሚል መስፈርት ያስቀምጣሉ፤ ከ2 ዓመት በኋላ በሩ እየጠበበ ይሄዳል። መፍትሔው አሁን ባለሽበት ሆስፒታል ፐርዲየም (በተፈለገ ጊዜ ብቻ የሚጠራ ሠራተኛ) ሆኖ መቆየት ነው። በወር ስንት ሺፍት እንደሚያስገድዱ ጠይቂ። ቢኤልኤስና ኤሲኤልኤስሽንም (የልብ ማነቃቂያ ሥልጠና ምስክር ወረቀቶችሽን) አታስወድቂያቸው፤ በየ2 ዓመቱ ይታደሳሉ፣ ቢሮው አይከፍልልሽም።

---

ጡት ማጥባት አማካሪ ነርስ

ስለ ወተቱ። ወተት የሚቀንሰው ጡቱ ሳይታለብ ሲቆይ ነው፣ ሥራ ስለገባሽ አይደለም። ከጉዞው ጋር ወደ 14 ሰዓት ትለያያላችሁ። ጡት ብቻ የምትጠባ ሕፃን እናቷ በሌለችበት በየሰዓቱ ከ1 እስከ 1.5 አውንስ ይበቃታል፤ ለአንድ ሌሊት ከ14 እስከ 21 አውንስ ማለት ነው። ፍሪዘር ካልሞላሁ ብለሽ አትጨነቂ። ለመጀመሪያው ሌሊት የሚበቃ ካለሽ፣ ለሁለተኛው ያው በመጀመሪያው ሌሊት ያለብሽው ይሆናል።

ቴሌሜትሪ ላይ ሌሊቱ የራሱ አካሄድ ስላለው የማለቢያ ሰዓቱን በእሱ ልክ ቁረጪው። ከቤት ልትወጪ ስትይ፣ 5:45 ገደማ አጥቢያት። የመጀመሪያው ማለቢያ የ9 ሰዓቱ መድኃኒት ካለቀ በኋላ፣ 10 ገደማ። ሁለተኛው ከእኩለ ሌሊቱ ቫይታል (የትኩሳትና የደም ግፊት ልኬት) በኋላ፣ 1 ሰዓት ላይ። ሦስተኛው 4 ሰዓት ላይ፣ ደም መቅዳቱና የ6 ሰዓቱ መድኃኒት ሳይጀመር። ሦስተኛውን ከዘለልሽው እስከ 8:15 ድረስ ወደ 7 ሰዓት ያህል ሳይታለብ ይቀራል፤ ጡት የሚያብጠውና የሚቀላው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች የሚዘልሉትም እሱን ነው፣ ጠዋት ስለሚጣደፉ።

በአንድ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው። ሦስት ሙሉ የፓምፕ ዕቃ ይዘሽ ሂጂ፤ በየጊዜው ማጠብ ሳያስፈልግሽ ንጹሕ ትጠቀሚያለሽ። ጡት ላይ የሚገጠመውን ፍላንጅ ልኩን እይ። ከፓምፑ ጋር ብዙ ጊዜ የሚመጣው 24 ሚሊሜትር ነው፤ ለብዙ ሴት ሰፊ ነው። የጡትሽን ጫፍ ስፋት በሚሊሜትር ለኪና ወደዚያ የሚቀርበውን ግዢ። ቁጥሩ ሲበዛ የጡቱ ክብ አብሮ እየተሳበ ይቆስላል፣ ወተቱም ያንሳል። ዳክቢል የምትባለውን ትንሽ የጎማ ቫልቭ በየቀኑ ለምታልብ ሴት በየ4 እስከ 8 ሳምንት ለውጫት። «ወተቴ ቀነሰ» ከሚሉኝ ውስጥ ስንቱ የላላ ቫልቭ ሆኖ እንደሚገኝ!

ጡት ማስያዣ ውስጥ የሚገባው ፓምፕ ለመንገድ ጥሩ ነው፣ ግን ጉልበቱ ያንሳል፤ ዋና ፓምፕ አታድርጊው። ታካሚ አጅበሽ ኤምአርአይ ክፍል ስትሄጂ ደግሞ አውልቀሽ ሂጂ፤ ሞተር አለበት።

የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ እስከ 4 ቀን፣ በፍሪዘር ቢቻል እስከ 6 ወር ይቆያል። የቀዘቀዘ የበረዶ ከረጢት ያለው ሳጥን ውስጥ 24 ሰዓት ይቆያል፤ ስለዚህ የሠራተኞች ፍሪጅ ሞላ አልሞላ አያሳስብሽ። ከፍሪዘር ወጥቶ ፍሪጅ ውስጥ የሟሟውን በ24 ሰዓት ጨርሱት፣ ተመልሶ አይቀዘቅዝም።

መብትሽ፦ በታኅሣሥ 2022 በፈረንጅ የወጣው የፓምፕ ሕግ ከወለድሽ እስከ አንድ ዓመት በቂ ጊዜና ከሰው ዓይን የተሰወረ፣ መጸዳጃ ቤት ያልሆነ ቦታ ይሰጥሻል። ጊዜው የግድ አይከፈልም። ነገር ግን እያለብሽ ስልክ ካነሣሽ ወይም ሞኒተር ካየሽ ከሥራ አልተለቀቅሽም፣ ይከፈላል። ለዚህ ስትገቢ ስልክሽን ለባልደረባሽ አስረክቢ፤ «5 ታካሚዎቼን እገሊት ትይዛለች» የሚለው የሺፍቱ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ከቤት ብትሠሪም ሕጉ ይሠራልሻል፤ በዚያ ሰዓት በድርጅቱ ካሜራ መታየት የለብሽም።

የኬሞ ታካሚ ከተሰጠሽ ጡት እንደምታጠቢ ለቻርጇ (ለሺፍቱ ኃላፊ ነርስ) ንገሪና ድልድሉ ይቀየር።

እናትሽ አብሽ ያጠጡሻል ብዬ እገምታለሁ። አጥሚቱ መልካም ነው፣ ይቀጥሉ። አብሽ ግን ወተት ለመጨመሩ ማስረጃው ደካማ ነው፤ ስኳር ያወርዳል፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አይጠጣውም፣ አንዳንዱን ሕፃንም ሆዱን ያላላል። ጡትሽ አንድ ቦታ ቢጠነክር ደግሞ በኃይል አትሺው። የዛሬው ምክር ቀዝቃዛ ነገር ማድረግና እንደ ወትሮው ማጥባት ነው፤ ማሸትና ደጋግሞ ማለብ እብጠቱን ያባብሰዋል። ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ዘንድ።

---

ቻርጅ ነርስ

እህታችን የዓመት ደመወዙን ነው ያነጻጸርሽው። እስቲ ወደ ሰዓትና ወደ ቀን እናውርደው።

የማታው፦ 49 ዶላር በ36 ሰዓት በሳምንት 1,764፣ በዓመት 91,728። ይህን የምታገኚው 156 ሌሊት ሠርተሽ ነው። ቢሮው፦ 84,000 ለ2,080 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 40.38፣ በ260 ቀን። ፈቃድና በዓል ሳይቆጠር 104 ተጨማሪ የሥራ ቀን ከልጅሽ ይወሰዳል፣ ያውም በሰዓት ከ8 ዶላር በላይ ተቀንሶብሽ።

ዴይኬር ሲወጣ፦ ቢሮ 84,000 ሲቀነስ 22,800፣ 61,200 ይቀርሻል። የማታው በ3 ቀን ዴይኬር 91,728 ሲቀነስ 15,600፣ 76,128። ቤንዚን ቀንሺ፤ 44 ማይል በ156 ዙር 6,864 ማይል ነው፣ 25 ማይል በጋሎን ለምትሄድ መኪና ወደ 275 ጋሎን፣ ወደ 900 ዶላር። ያም ሆኖ ልዩነቱ ከ14,000 በላይ ነው። ሁሉም ከታክስ በፊት ነው።

በገንዘብ ፍሎሩ ይበልጣል ማለት ግን ሰውነትሽ ይችለዋል ማለት አይደለም። ከሦስት ሌሊት በኋላ፣ ቀን ደግሞ ሕፃን እያጠባሽ፣ 22 ማይል መንዳት አደጋ አለው። እኔ የምለው ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ሁለታችሁም አልጠቀሳችሁትም። ሰዓት ማስቀነስ። 0.6 ማለት በሳምንት 24 ሰዓት፣ ሁለት ሌሊት ነው፤ በዓመት 61,152። ከላይ ያለውን 61,200 አስተውዪ። ሁለቱን ሌሊት ባልሽ በሚያርፍበት ቀን ካደረግሻቸው ዴይኬር አያስፈልግሽም፤ ባለቤትሽ ሁለት ጠዋት ከ8:30 እስከ 2 ሰዓት ሕፃኗን ይይዛል፣ አንቺ ትተኛለሽ። በሳምንት 2 ሌሊት ሠርተሽ፣ 5 ቀን ቢሮ ገብተሽ ለዴይኬር ከፍለሽ የሚተርፍሽን ያህል ይቀርሻል።

ችግሩ ጥቅማጥቅሙ ላይ ነው። አንዳንድ ሆስፒታል ሙሉ ኢንሹራንስ የሚሰጠው ከ0.6 ጀምሮ ነው፣ አንዳንዱ 0.75 ይላል፤ ሰዓቱን ለቀነሰ ሠራተኛ የሚቆረጠውም ይበዛል። ኤችአር ዘንድ ሄደሽ በየደረጃው ከደመወዝሽ ስንት እንደሚቆረጥ ወረቀቱን ጠይቂ፤ ማናጀር አብዛኛውን ጊዜ አታውቀውም። ስትቀጠሪ ቦነስ ወስደሽ ከሆነ ውሉን አንብቢ፣ ሰዓት መቀነስ ገንዘቡን የሚያስመልስበት አለ።

ወደ ቀን ሺፍት ልዛወር እንዳትዪ። ዴይኬር ብዙው 7 ሰዓት ይከፍታል፣ 6 ሰዓት ይዘጋል፤ ያንቺ ሺፍት 7:00 ገብቶ 7:30 ይወጣል። ማድረስም መውሰድም አትችዪም።

ስለ እናትሽ አንድ ነገር። የጉብኝት ቪዛ ላይ ያለው ቀን የመቆያ ጊዜ አይደለም፤ የመቆያው ቀን ያለው አይ-94 (የመግቢያ መዝገቧ) ላይ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር። ዛሬውኑ ከፍተሽ እዪው። አያት ሆና መርዳት ሌላ ነው፣ ተቀጥራ ደመወዝ መቀበል ግን አይፈቀድላትም። የዓመት ዕቅድሽን በእሷ ላይ ካቆምሽ በ4ኛው ወር ሞግዚት ፍለጋ ትሯሯጫለሽ። ዴይኬር የምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ በአሠሪሽ በኩል የሚገኘውን ከታክስ በፊት የሚቆረጥ የልጅ መጠበቂያ ሒሳብ ተመዝገቢ፤ ከ2026 ጀምሮ ጣሪያው 7,500 ዶላር ነው፣ ድሮ 5,000 ነበር።

---

ነርስ ከአዲስ አበባ

ለአገር ቤት አንባቢም አንድ ሁለት ልጨምር፣ ጥያቄው እዚህም ያው ስለሆነ። በግል ሆስፒታል የምትሠሩ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከክፍያ ጋር አላችሁ። ነፍሰ ጡር ሳላችሁ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንድትሠሩ መመደብ አይቻልም፣ ትርፍ ሰዓትም እንዲሁ። (እኔ ደግሞ በሐበሻ ሰዓት ነው የጻፍኩት!) ከወሊድ ስትመለሱ ግን ይህ የሌሊት ከለላ ስለማይቀጥል ከሜትረን (ከነርሶች ኃላፊ) ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

እዚህ «ቢሮ» ማለት ላይዘን (የታካሚ ቅበላና ሪፈራል ክፍል)፣ ጥራት ክፍል ወይም የጤና መረጃ ነው። ሰዓቱ የመደበኛ ነው፤ የምታጡት የተረኝነት ክፍያውን ነው። ያለ እሱ ደመወዛችሁ ስንት እንደሆነ ባለፉት ወራት የተከፈላችሁን እዩና ወስኑ።

---

አራስ ነርስ (ሜሪላንድ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ማናጀሬን ጠየቅኋት፤ 0.6 ክፍት የለም፣ 0.75 አለ፣ ሙሉ ኢንሹራንስም ይሰጣል አለችኝ። 0.75 በ12 ሰዓት ሺፍት እንዴት ይሆናል? የቢሮው ሰዎችም መልሴን እየጠበቁ ነው።

---

ቻርጅ ነርስ

በሳምንት 30 ሰዓት ነው፤ አንዱን ሳምንት 3 ሌሊት፣ ቀጣዩን 2 እየተፈራረቀ። በዓመት 130 ሌሊት፣ 76,440። የ3 ቀን ዴይኬር ዓመቱን ሙሉ ብትከፍዪ እንኳ 60,840 ይቀርሻል፣ ከቢሮው የ360 ዶላር ልዩነት።

በጽሑፍ የምታስቀምጪው ሦስት ነገር ነው። የቅዳሜና እሑድ ግዴታሽ ከሰዓቱ ጋር አብሮ ይቀንሳል ወይስ እንደ ሙሉ ሠራተኛ ይቆያል? 3 ሌሊት የሚሆንበት ሳምንት ተከታታይ እንዳይሆን፣ 2 ሠርተሽ አርፈሽ 1 እንዲሆን። ሰው ሲጎድል ወደ ሌላ ፍሎር ቢልኩሽም የማለቢያ ክፍሉና የምትተካሽ ነርስ አስቀድመው እንዲታወቁ፤ ፍሎት ስትሆኚ ነው ያ ሁሉ ዕቅድ የሚፈርሰው።

ለቢሮዎቹ የመጀመሪያ ቀኑን ፈቃድሽ ካለቀ 5 ሳምንት በኋላ እንዲያደርጉት ጠይቂያቸው። የ30 ቀኑን ነገር ያልፍልሻል፣ በዚያ ላይ ከ10 በላይ ሌሊት ሠርተሽ 4 ሰዓት ላይ ማለብ ይቻል አይቻል ታይዋለሽ። እምቢ ካሉ፣ ሥልጠናው ላይ ካሜራ ይከፈታል ወይ ብለሽ የጠየቅሻቸውን መልስ ከእምቢታው ጋር አብረሽ አንብቢው።